ጣሊያንን ከእናት ጋር በባቡር፦ ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ጉዞ ነው ትዝ ያለኝ። «ከ66 ዓመት እናቴ ጋር በሰኔ ለአስር ቀን ሮም፣ ፍሎረንስና ቬኒስ ልንሄድ ነው። በባቡር ይሻላል ወይስ መኪና እንከራይ? እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ሁለታችንም ቋንቋውን አንችልም» ነው ያልሽው። እኔም ባለፈው ዓመት እማዬን ይዤ በዚሁ መስመር ሄጄ መጥቻለሁ። የማውቀውን ሳልቆጥብ እጽፍልሻለሁ፤ ትንሽ ቢረዝም ታገሺኝ።

በባቡር ሂዱ። ቬኒስ ላይ መኪና ከከተማዋ መግቢያ አያልፍም። የሮምና የፍሎረንስ መሀል ከተማ ደግሞ ፈቃድ የሌለው መኪና እንዳያልፍ በካሜራ የሚጠበቅ ክልል አለው፤ ምልክቱን ሳያስተውሉ የገቡ ቱሪስቶች አገራቸው ከገቡ በኋላ ቅጣቱ በፖስታ ይደርሳቸዋል። ባቡሩ ግን መሀል ከተማ ያወርድሻል። ፍሎረንስ ከጣቢያው እስከ ትልቁ ካቴድራል በእናቶች እርምጃ እንኳ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ለይተሽ እወቂ። ለእናንተ መንገድ የሚሆኑ ሁለት ዓይነት ባቡሮች አሉ፤ ትኬታቸውም ጠባያቸውም ለየቅል ነው። አንደኛው ፈጣኑ ነው፤ ፍሬቻሮሳ ወይም ኢታሎ የሚባለው። በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይበራል። ከሮም ፍሎረንስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከፍሎረንስ ቬኒስ ሁለት ሰዓት ከምናምን ይፈጃል። ትኬቱ ላይ የባቡሩ፣ የፉርጎውና የወንበርሽ ቁጥር ተጽፏል፤ የሚያገለግለውም ለዚያ ባቡርና ለዚያ ሰዓት ብቻ ነው። እንደ አውሮፕላን ትኬት ቀደም ብሎ ለቆረጠ ይረክሳል። በጣም ርካሹ ግን ባቡሩ ካመለጠሽ ገንዘቡም አብሮ ሄደ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ በገባችሁበት ቀን ለምትሳፈሩበት ባቡር ርካሹን አትቁረጪ፣ አውሮፕላኑ ሊዘገይ ይችላል። ፍሬቻሮሳና ኢታሎ የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው፤ የአንዱን ትኬት ይዘሽ በሌላው መሳፈር አይቻልም።

ሁለተኛው ሬጆናሌ የሚሉት ነው፤ በየትንንሹ ከተማ እየቆመ የሚሄደው። ዋጋው ቁርጥ ነው፤ ከወር በፊት ገዛሽው፣ ከአስር ደቂቃ በፊት ገዛሽው ያው ነው። የተያዘ ወንበር የለም፣ ባዶ ያገኘሽው ላይ ትቀመጫለሽ። ለአጭር መንገድ በጣም ጥሩ ነው። እኛም የተቀጣነው እዚህ ላይ ነው።

ከፍሎረንስ ፒሳ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ጠዋት ጣቢያ ደርሰን ከማሽኑ ሁለት የወረቀት ትኬት ገዛሁ፣ ባቡሩ ቆሞ ስለነበር እማዬን ደግፌ አሳፈርኳት፣ ተቀመጥን። ደስ ብሎን መስኮቱን እያየን ሳለ ተቆጣጣሪው መጣ። ትኬቶቹን ገልበጥ አድርጎ አያቸውና ጫፋቸውን በጣቱ እያመለከተ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ምንም የለበትም ነበር ጫፉ፤ ባዶ ነጭ ወረቀት። ለካ የሬጆናሌ የወረቀት ትኬት ተገዝቶ ብቻ አያበቃም፤ ከመሳፈርሽ በፊት ባቡሩ ወደሚቆምበት መስመር መግቢያ ላይ ባለች ትንሽ ሳጥን ውስጥ አስገብተሽ ቀንና ሰዓት ማስመታት አለብሽ። ኮንቫሊዳ ይሉታል። ያልተመታ ትኬት የያዘ ሰው ይቀጣል፤ «ቱሪስት ነኝ፣ አላወቅኩም» ማለት አያድንም። ለሁለት ቀን ምሳ የያዝነውን ገንዘብ እዚያው ቆጥሬ ከፈልኩ። የገንዘቡ ነገር አይደለም የቆጨኝ፤ እማዬ ሰው ፊት እንደ ሌባ የታየን መስሏት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ እስከ ፒሳ ድረስ አንገቷን ደፍታ መሄዷ ነው። ይሄ በእናትሽ እንዲደርስ ስለማልፈልግ ነው ይህን ያህል የማስረዳሽ። ከተመታ በኋላ ትኬቱ ለአራት ሰዓት ያገለግላል። በስልክ የምትገዢው የሬጆናሌ ትኬት ከሆነ ደግሞ ሳጥን የለውም፤ ከመሳፈርሽ በፊት እዚያው ስልክሽ ላይ ቼክ ኢን ማድረግ አለብሽ፣ እሱም ቢረሳ ያስከፍላል። ፈጣኑ ባቡር ግን ይሄ ሁሉ የለበትም።

ካርድሽ ኢንተርኔት ላይ አልከፍል ካለሽ አትደንግጪ። ጣቢያው መስኮት ላይ በጥሬ ገንዘብ ይሸጣሉ። የሬጆናሌውን ትኬት በር ላይ ትልቅ «ቲ» ፊደል የተሰቀለባቸው የሲጋራ ሱቆችም ይሸጣሉ። ማሽኖቹም ጥሬ ገንዘብ የሚቀበሉ አሉ፣ በእንግሊዝኛም ይሰራሉ። ማሽን ላይ ስትቆሚ ግን «ላግዝሽ» እያለ የሚጠጋሽን ሰው በትህትና «አይ» በይው፤ የሮም ዋናው ጣቢያ ተርሚኒ ላይ አንዱ ከእኔ ጋር ቁልፍ እየነካካ ሌላው ከኋላ እማዬን ሲጠጋት አይቻለሁ። ቦርሳዋ ነጠላዋ ስር በደረቷ ታቅፎ ስለነበር እግዜር ይስጣት ምንም አልወሰዱም።

ጣቢያ ስትደርሺ ሰሌዳውን አንብቢ። የመነሻው ሰሌዳ ፓርቴንሴ፣ የመድረሻው አሪቪ ይባላል፤ የአንቺ ፓርቴንሴ የሚለው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ሰሌዳው የሚጽፈው ባቡሩ መጨረሻ የሚደርስበትን ከተማ ነው። ወደ ፍሎረንስ የምትሄጂበት ባቡር «ሚላኖ» ወይም «ቬኔዚያ» ተብሎ ይጻፋል። ፍሎረንስን ስትፈልጊ ባቡሩ ይሄዳል። ስለዚህ የከተማ ስም ሳይሆን ትኬትሽ ላይ ያለውን የባቡር ቁጥር ፈልጊ። ቢን ተብሎ የተጻፈው ባቡሩ የሚቆምበት መስመር ነው፣ ቢናሪዮ ለማለት፤ ሊነሳ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው የሚወጣው። ሪታርዶ የሚል ካየሽ ዘግይቷል፣ አጠገቡ ያለው ቁጥር የደቂቃው ነው። ሰዓቱ በ24 ነው የሚጻፈው፦ 15:10 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአስር ነው። እኔ ሁለቱንም ወረቀት ላይ ጽፌ ለእማዬ ሰጥቻት ነበር፤ እሷው ናት የምታስታውሰኝ።

የጣቢያውንም ስም ሙሉውን አንብቢ። ሮም ተርሚኒም ቲቡርቲናም አላት። ፍሎረንስ የምትወርጂው ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ነው፤ ካምፖ ዲ ማርቴ ወይም ሪፍሬዲ ከሚል ትኬት ተጠንቀቂ፣ ከመሀል ይርቃል።

ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ተርሚኒ ሌዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባል ባቡር አለ፤ በ32 ደቂቃ የትም ሳይቆም ይገባል፣ እኛ የከፈልነው በሰው 14 ዩሮ ነው። ከዚያው የሚነሳ ርካሽ ባቡርም አለ፤ እሱ ግን ተርሚኒ አይገባም፣ በትራስቴቬሬና በኦስቲየንሴ አድርጎ ቲቡርቲና ነው የሚሄደው። ከእናት ጋር፣ ከሻንጣ ጋር፣ ከሌሊት በረራ በኋላ፣ የመጀመሪያውን ያዢ።

ተርሚኒ ስትወርዱ ግን ቶሎ ብላችሁ ወደ ሆቴል አትሩጡ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ነው የሚባለው። አምስት መቶዎቹ እነማን መሰሉሽ? በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያ ሐውልታቸው፣ ከግብፅ የመጣ ጥንታዊ ድንጋይ ነው፣ ዛሬ ከአደባባዩ ፈቀቅ ብሎ ዛፎች መሀል ቆሟል። ለገሃር ፊት ለፊት የምናውቀው የይሁዳ አንበሳም በወረራው ዘመን ተነቅሎ እዚያ ሐውልት ስር ተቀምጦ ነበር። የዘርዓይ ደረስ ታሪክም የሚነሳው ከዚሁ ቦታ ጋር ነው። ከአንዱ ባቡር ጣቢያ ደጅ ተወስዶ ሌላ ባቡር ጣቢያ ደጅ፤ ኋላም ወደ ቤቱ ተመልሷል። ለእማዬ ይሄን ስነግራት ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠችና ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «አሉላ እዚህ ድረስ ተጠርቷላ» አለች። በባቡር ባንሄድ ኖሮ ያንን ቦታ አናየውም ነበር። የሀበሻ ምግብ ቤትም በዚያው ሰፈር ታገኛላችሁ።

ስለ እናትሽ ጉልበት ልንገርሽ። ሻንጣውን የሚቀበልሽ ሰው የለም፣ ራስሽ ነሽ የምትጭኚው፤ አሮጌዎቹ ባቡሮች ደግሞ ደረጃቸው ከፍ ያለ ነው። አንድ መካከለኛ ሻንጣ ለሁለታችሁ ይበቃል። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ላይ ሳላ ብሉ የሚባል መራመድ ለሚቸግረው መንገደኛ በነጻ የሚያግዝ አገልግሎት አለ፤ አስቀድመሽ ካሳወቅሽ ተሽከርካሪ ወንበር ይዘው ባቡሩ ድረስ ያደርሷታል። እኛ ስላላወቅን ተርሚኒ ላይ ከዋናዎቹ መስመሮች ርቆ ወዳለው ቢናሪዮ ስንሄድ እማዬ ሦስት ጊዜ ቆማ አረፈች።

ሾፔሮ የሚል ቃል ካየሽ የሥራ ማቆም አድማ ነው። ብዙ ጊዜ ቀኑ አስቀድሞ ይነገራል፣ ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት የዚያን ሳምንት ፈልጊ። አድማ ቢገጥምሽም በሥራ ቀን ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታም ከ12 እስከ 3 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ሬጆናሌዎቹ እንዲሄዱ ሕጉ ያስገድዳል።

ሰኔ ጾም ላይ ከሆነች ዳቦ ቆሎ ያዢላት፤ ባቡር ውስጥ መብላት ማንም አይከለክልም። ፒዛ ስታዝዢ «ማሪናራ» በይ፣ አይብ የለበትም።

ስለ ቋንቋው የጠየቅሽው ብዙም አያሳስብሽ። ከፒሳ ስንመለስ ድምፅ ማጉያው «ፕሮሲማ ፌርማታ፣ ኤምፖሊ» አለ። እማዬ ከጠዋቱ ቅጣት ወዲህ ዝም እንዳለች ነበረች፤ ድንገት ቀና አለችና «ፌርማታ አለች እኮ!» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳት! እያንዳንዱን ፌርማታ እየቆጠረች፣ ፍሎረንስ ሲጠራ «በላ፣ ወራጅ አለ በላቸው» ብላ ከሁላችን በፊት ተነሳች። በነገራችን ላይ የሬጆናሌው በር ራሱ አይከፈትም፣ ቁልፉን መጫን አለብሽ፤ አንዲት ሴትዮ ናት ያሳየችን።

ቬኒስ ላይ መስትሬ ሆቴል አይተሻል ብለሻል። መስትሬ ከውሃው ወዲህ ያለው ሰፈር ነው፣ ይረክሳል፣ ምንም አይልም። ቬኒስ ራሷ ገብተሽ የምትወርጂው ግን ሳንታ ሉቺያ የሚባለው ጣቢያ ነው፤ ከመስትሬ በሬጆናሌ አስር ደቂቃ ያህል ነው። ትኬቱን ማስመታት እንዳትረሺ። በ1846 በፈረንጆቹ በተከፈተው ድልድይ ላይ ባሕሩን እያቋረጠ ነው የሚገባው። በቀኝ በኩል የመኪናው መንገድ ይጋርድሻል፤ እናትሽን በግራ በኩል መስኮት አጠገብ አስቀምጫት።