ጎጃም ላይ ያገለገለ ፎር ዊል ለመግዛት ላሰባችሁ ዲያስፖራዎች

ሰላም ወገኖቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። "ሀገር ቤት ልገባ ነው፣ ጎጃም ላይ ለምነዳው ምን ዓይነት ፎር ዊል ይሻለኛል" እያላችሁ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። እኔ ውጭ ብዙ ቆይቼ ተመልሼ አሁን ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። በአንድ መኪና ነው ሁሉንም የምሰራው፣ ከሰኞ እስከ አርብ ልጆች ማድረስ፣ ስራ፣ ገበያ ምናምን፣ ቅዳሜ ሲመጣ ድንኳንና ኮርቻ ጭኜ ወይ ጮቄ ተራራ ወይ እንጅባራ፣ አንዳንዴም ባህር ዳር ወርጄ በዘጌ በኩል ጣና ዳር ቀረሶ ዓሳ ማጥመድ። እና ይሄ ምክር ለእንደዚህ ዓይነት ኑሮ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ሌላ ነገር ነው የምመክረው።

መጀመሪያ ይሄ ይታወቅ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ ሀገር ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚ "እዚህ ያለችኝን መኪና በኮንቴነር ልላካት" የሚለውን ሀሳብ ተዉት። ከዛ በፊትም ቢሆን በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ በጣም ከባድ ታክስ ጥሎ ነበር። እንግዲህ አዲስ የማይገባ ከሆነ ያለው መኪና ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው፣ ዋጋውም በቀላሉ አይወርድም፣ ያረጀውም ላሜራው ተጠግኖ ቀለም ተቀብቶ "ምንም አልተነካም፣ ኦሪጅናል ነው" እየተባለ ይሸጣል። ኤሌክትሪኩስ ካላችሁኝ፣ ባህር ዳር ከተማ ውስጥ ለሚነዳና ግቢው ውስጥ ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው ጥሩ ነው፣ ጮቄ ለሚወጣ ወይም ቢቸና ገጠር ለሚገባ ግን ዛሬ ላይ አልመክርም።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ፣ ምክንያቱም መኪናው የሚመረጠው በመንገዱ ነው። ጎጃም ውስጥ ዋናው ነገር ከፍታው ነው፣ ባህር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደብረ ማርቆስ 2,400፣ እንጅባራ 2,500 ገደማ፣ ጮቄ ደግሞ ከ4,000 ይበልጣል። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሳሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ የሚሆን ጉልበት ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። በሉ አስቡት፣ ጮቄ ላይ ያ ሞተር ከጉልበቱ አርባ በመቶ ገደማ የለውም ማለት ነው፣ አምስት ሰውና እቃ ጭኖ ዳገት ሲወጣ በአንደኛ ማርሽ ሲያቃስት ትሰሙታላችሁ። ተርቦ ያለው ናፍጣ ይሄን ችግር በብዛት ይቋቋመዋል። አንድ ተርቦ የሌለው መኪና ብቻ ከተገኘ ግድ የለም ይገዛ፣ ግን ፎር ሎው (አራቱም ጎማ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ በጉልበት የሚጎትትበት) ይኑረው።

ሁለተኛው አፈሩ ነው። ቢቸናና ሸበል በረንታ በኩል ያለው ዋልካ መሬት ክረምት ላይ ምን እንደሚያደርግ የዛ ሀገር ልጅ ያውቀዋል፣ ውጭ ተወልዶ ያደገው ግን አያውቅም። ጭቃው የጎማው ጥርስ ውስጥ ገብቶ ይሞላዋል፣ ከዛ ጎማው ለስላሳ ሆነ ማለት ነው፣ አራቱም ቢዞሩ መኪናው ባለበት ይሰምጣል ወይ ወደ ቦዩ ይንሸራተታል። ስለዚ ፎር ዊል አለኝ ብላችሁ ሐምሌ ላይ ዋልካ ውስጥ አትግቡ፣ ምንም መኪና ይሁን፣ ቆሞ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው ወይም በበቅሎ መሄድ። የአዊ ዞን ቀይ አፈሩ ይሻላል፣ ያዳልጣል ግን ያሳልፋል።

ሦስተኛው አባይ በረሃ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የምትመላለሱ ከሆነ ከጎሃ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዳችሁ በሕዳሴ ድልድይ ተሻግራችሁ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ትወጣላችሁ። ቁልቁለቱ ፍሬን ይፈትናል፣ ዳገቱ ራዲያተር ይፈትናል፣ ሙቀቱም አለ። አወራረዱ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ እየያዘው ነው መሆን ያለበት፣ ፍሬን ላይ ብቻ ተደግፎ የሚወርድ ሰው ታች ሳይደርስ የተቃጠለ ሽታ ይሸተዋል፣ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ዝም ብሎ ወደ ታች ይገባል፣ እግዜር ይጠብቅ።

እና የትኛውን? እንደኔ እንደኔ ለአብዛኞቻችሁ ወይ የቶዮታ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ወይ የሱዙኪ ግራንድ ቪታራ ነው።

ሃይሉክሱን የምወደው ለገጠር ኑሮ ስለሚመች ነው። ፈረስ የምትወዱ ታውቁታላችሁ፣ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን በዓል አይታችሁ ወይም ራሳችሁ ጋልባችሁ ስትመለሱ ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ በላብ የራሰው የፈረሱ ልብስ (ግላስ) አብሯችሁ ነው የሚመለሰው። ዝግ መኪና ውስጥ ከጫናችሁት ሽታው ወንበሩ ውስጥ ገብቶ ከርሞ ይቀመጣል፣ ሰኞ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ነው የሚገቡት። ከኋላ ሸራ ወይም ካኖፒ ያለው ፒካፕ ይሄን ሁሉ ይገላግላችኋል፣ ዓሳውንም እንደዛው። ጉዳቱ ባዶውን ሲሆን ባሌስትራው (የኋላ ስፕሪንጉ) ደረቅ ነው፣ ኮረኮንች ላይ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ይነጥራል። ሌላው፣ 2.5ና 3.0 ሊትር ተርቦ ናፍጣዎቹ ኮመን ሬይል (ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ዓይነት) ስለሆኑ ንፁህ ነዳጅ ይፈልጋሉ፣ በጀሪካን መንገድ ዳር የሚሸጠውን ውሃ የገባበት ናፍጣ ከሰጣችሁት ነዳጅ የሚረጨውን ኢንጀክተር ነው የሚበላው፣ የኢንጀክተር ዋጋ ደግሞ ያስደነግጣል። የነዳጅ ፊልትሮ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ ሙሉ ታንክ ከከተማ ይዛችሁ ውጡ።

ግራንድ ቪታራ ቤንዚን ነው፣ ትንሽ ነው፣ ከተማ ውስጥ ለማቆም ይቀላል፣ ለሴቶችም ለወጣቶችም ለመንዳት አይከብድም፣ ባለ አምስት በሩ አብዛኛው ፎር ሎው አለው። አብዛኛው ነው ያልኩት፣ ሁሉም አይደለም፣ መሪው አጠገብ ያለውን ማዞሪያ ወይም ቁልፍ እዩ፣ ፎር ሎው የሚል ከሌለበት ሌላ ፈልጉ። የድሮዋ ቪታራም እስካሁን በየገጠሩ ትታያለች፣ ጠንካራ ናት፣ ብቻ ዕድሜዋ ገፍቷል።

ላንድክሩዘር ሀርድቶፑ፣ ባለ 4.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደሩ፣ ኮምፒውተር የለው ምን የለው፣ የትም ያለ መካኒክ ይፈታዋል። ግን ተርቦ የለውም፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ ለዕለት ለዕለት ኑሮ ይከብዳል። ገጠር ውስጥ እርሻ ወይም ድርጅት ላለው ሰው እሱን የሚተካ የለም፣ ቤተሰብ ለሚያመላልስ ግን አይሆንም። ፕራዶ ምቹ ነው፣ አቅም ያለው ይግዛ። ራቭፎርና ቱሳን ፎር ሎው የላቸውም፣ አስፋልትና ደረቅ ፒስታ (አስፋልት ያልሆነ መንገድ) ላይ ብቻ ለሚሄድ ሰው ግን ይበቃሉ፣ እውነቱን ለመናገር ከናንተ ውስጥ በዓመት ሁለቴ ዘመድ ለመጠየቅ ብቻ የምትመጡት ከዚህ በላይ አያስፈልጋችሁም። ብርቅ የሆነ ሞዴል ግን ማንም አይግዛ፣ አንድ እቃ ሲሰበር አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው፣ ካልተገኘ ከውጭ እስኪመጣ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ዶሮ ይሰፍርበታል።

አሁን ዋናው፣ ስታዩት ምን ታያላችሁ። አደራ በፎቶ አትግዙ፣ ወንድሜ አይቶታል ብላችሁም አትግዙ፣ ወንድማችሁ መካኒክ ካልሆነ በቀር። ለሻጩ "ሞተሩን ሳታሞቀው ጠብቀኝ" በሉትና ጠዋት ሂዱ፣ ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ፣ ሞቆ ካገኛችሁት ለምን እንደሞቀ ጠይቁ፣ ሲቀዘቅዝ አልነሳ የሚል ናፍጣ በዚህ ነው የሚደበቀው። ራዲያተሩን በቀዝቃዛው ክፈቱ፣ ዘይት የሚመስል ነገር ከተንሳፈፈ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወይም ከስሩ ያለው ጋርኔሲዮን ነገር አለው፣ ተዉት። ሞተሩ ተነስቶ እያለ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ፣ ጭሱ እየገፋ ከወጣ ሞተሩ ደክሟል።

ከዛ ካርቶን አንጥፋችሁ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከስር ግቡ። ብዙ ሰው ልብሴ ይቆሽሻል ብሎ የሚያልፈው ይሄን ነው፣ የመኪናው ታሪክ ደግሞ ያለው እዛ ነው። ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በእጃችሁ ዳስሱ፣ በተለይ ባሌስትራው የሚታሰርበት አካባቢ የብየዳ እብጠት ካለ ተሰብሮ ተጠግኗል ማለት ነው። ከስር አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ጠርጥሩ፣ ቀለሙ የሚሸፍነው ነገር ሊኖር ይችላል። የቁልቁለት መኪና ስለሆነ የፍሬን ቱቦዎቹንም እዩ፣ የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ አይታለፍም።

ፎር ዊሉ መስራቱን ደግሞ በተግባር ነው የምታረጋግጡት፣ መብራቱ በራ ብላችሁ አትመኑ። አዲስ አበባ ሲኖር የቆየ መኪና ፎር ዊሉ ለዓመታት ተነክቶ አያውቅም፣ ማርሹ ዝጎ ይገኛል። አፈር ወይም ሳር ላይ ውሰዱት፣ አስፋልት ላይ አይሞከርም፣ ሃይሉክስን የመሰሉት ደረቅ አስፋልት ላይ በፎር ዊል ሲጠመዘዙ ይታነቃሉ፣ ዲፈረንሻሉንም ይጎዳል። ፊት ጎማው ላይ በእጅ የሚዞር ፍሪ ዊል (ፊት ጎማውን ከፎር ዊሉ ጋር የሚያያይዝ) ካለው ወርዳችሁ ሎክ ላይ አድርጉት፣ ፎር ሎው አስገቡ፣ በአንደኛ ማርሽ ነዳጅ ሳትሰጡ ዳገት ይውጣ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዛችሁ ከፊት ቀ ቀ ቀ የሚል ድምፅ ካለ አክሱ (ፊት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) አልቋል።

ኪሎሜትሩን ብዙ አትመኑት፣ ዲጂታሉም ወደኋላ ይመለሳል። የፍሬኑ ፔዳል ላይ ያለው ጎማ አልቆ ብረቱ እየታየ ኪሎሜትሩ ትንሽ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ዕድሜውን እዩ፣ ከጎኑ ዲኦቲ ከሚለው ጋር መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ፣ 2319 ካለ በፈረንጅ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፣ ያረጀ ጎማ ከጎኑ ይሰነጣጠቃል፣ አባይ በረሃ ሙቀት ላይ ነው የሚፈነዳው።

ወረቀቱ ላይ አትቸኩሉ። የሊብሬውን (የባለቤትነት ደብተሩን) የሻንሲና የሞተር ቁጥር ራሳችሁ ከመኪናው ጋር አመሳክሩ፣ ፋይሉ ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ከእዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ሳታረጋግጡ ቀብድ እንኳ አትስጡ። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወካዩ በሕይወት መኖሩንና ውክልናው አለመሻሩን አጣሩ፣ ሰው ከሞተ ውክልናው አብሮ ያበቃል፣ ከዛ በኋላ ከወራሾች ጋር ክርክር ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ደግሞ በርካሽ ሲቀርብላችሁ ደስ አይበላችሁ፣ ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዛወርም፣ አንድ የማውቀው ልጅ እንዲህ ያለ ፕራዶ ገዝቶ ቀረጡ ሲሰላለት የተረፈለት ነገር የለም። ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ነው የምትዋዋሉት፣ ቀሪውን ብር ከዛ በፊት አትልቀቁ፣ ደላላው ምንም ቢያጣድፋችሁ። እናንተ ራሳችሁ መምጣት ካልቻላችሁም ለዘመድ ውክልናውን ኤምባሲ ሄዳችሁ ስጡ፣ ምን መግዛት እንደሚችልና እስከ ስንት ብር እንደሆነ በግልፅ ይጻፍበት።

መኪናው ውስጥ ሁሌም የማይጠፋ፣ ክሪክ፣ ክሪኩ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከስሩ የሚገባ ወፍራም ጣውላ፣ መጎተቻ ገመድ፣ አካፋ፣ የጎማ ፓምፕና ነፋስ ያለው ስኮርታ (ትርፍ ጎማ)። ገጠር ስትወጡ ከዛ አቅጣጫ የመጣ ሹፌር መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቃችሁ ውጡ፣ ሲመሽ አትንዱ።

በመጨረሻ ደግሞ ማንም የማይጠይቀኝን ልንገራችሁ። እናንተ በዓመት አንድ ወር ነው የምትነዱት፣ አስራ አንዱን ወር መኪናው ማን ጋ ነው? ይሄ ጉዳይ ከሞተሩ በላይ ቤተሰብ ያጣላል። ቁልፉን ለአንድ ሰው ብቻ ስጡ፣ ሰርግም ለቅሶም ሲመጣ መንደሩ ሁሉ "የእገሌ መኪና አለ አይደል" ብሎ ስለሚመጣበት ያ ሰው እምቢ ማለት እንዲችል እናንተው ለዘመድ ሁሉ በስልክ ተናገሩለት። ነዳጁን፣ የዘይት ቅያሪውን፣ ቦሎውን (የዓመት ምርመራውን) ማን እንደሚከፍል ከመሄዳችሁ በፊት ተስማሙ፣ ኢንሹራንሱ እሱ ሲነዳም እንደሚሸፍን ጠይቁ። የሚቆም ከሆነ ደግሞ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ ታንኩን ሙሉት ውሃ እንዳያጠራቅም፣ በየሁለት ሳምንቱ ተነስቶ ትንሽ ይነዳ፣ በወር አንዴም ፎር ዊሉ ገብቶ አፈር ላይ ትንሽ ይሂድ።