ስለ ማጅራት ገትር ጠይቁኝ
ባለፈው ሳምንት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቫይረስ የመጣ ማጅራት ገትር (የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ሽፋን መቆጣት) ይዞት በአምስተኛው ቀን ከሆስፒታል እንደወጣ ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። የምመልሰው ከዚያ በፊት ጤነኛ ስለነበሩ ወጣቶች ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እኔ የማውቀው ማጅራት ገትር ገዳይ መሆኑን ነው። ልጁ እንዴት በአምስት ቀን ወጣ?

መልስ፦ የፈራኸው የባክቴሪያውን ነው፤ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በበጋ ወረርሽኝ የሚያስነሳውን። የልጁ የቫይረስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጡት ኢንቴሮቫይረሶች የሚባሉ፣ አንጀት ውስጥ የሚራቡ ቫይረሶች ሲሆኑ ወጣቱ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምልክቱ አንድ ከሆነ በምን ይለያሉ?

መልስ፦ ትኩሳቱ፣ ራስ የሚፈልጠው ምታት፣ ብርሃን መጥላቱ፣ ማስመለሱ ሁለቱም ላይ አለ። ስሙን ይዞ "አንገቱ ካልተገተረ አይደለም" የሚልም አለ፤ አንገታቸው እንደ ልብ የሚታጠፍ ታማሚዎች አይቻለሁ። የሚለየው ከወገብ የሚወሰደው፣ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የከበበው ፈሳሽ ነው። በቫይረሱ ጊዜ ፈሳሹ ብዙውን ጊዜ የጠራ ነው፤ ሊምፎሳይት የሚባለው ነጭ የደም ሴል ይበዛል፣ ስኳሩ ግን አይወርድም። በባክቴሪያው ይደፈርሳል፣ ኒውትሮፊል የሚባለው ሌላው ነጭ የደም ሴል ይበዛል፣ ስኳሩም ይወርዳል። በመጀመሪያው ቀን ቫይረሱም ኒውትሮፊል አብዝቶ ሊያሳስት ይችላል። ሊምፎሳይት በዝቶ ስኳሩ ከወረደ ደግሞ ሐሳቤ ወደ ቲቢ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ወንድሜን ፈሳሽ እንውሰድለት ሲሉ እናቴ "ሽባ ያደርጉብኛል" ብላ ይዛው ወጣች።

መልስ፦ እናትሽን አልወቅስም፤ ይህን ፍርሃት ስሰማ ኖሬአለሁ። ህብለ ሰረሰር የሚያልቀው ከወገብ ላይኛው ክፍል ነው። እኛ የዳሌውን አጥንት ጫፍ በእጃችን ዳስሰን፣ ከዚያ ትይዩ አራተኛውን የወገብ አጥንት ፈልገን ነው የምንወጋው። እዚያ ያሉት ፈሳሽ ላይ የሚንሳፈፉ የነርቭ ክሮች ናቸው፤ መርፌ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ገለል ይላሉ። ጠብ ጠብ እያለ ጥቂት ሚሊ ሊትር እንቀበላለን። ሰውነት በቀን ወደ 500 ሚሊ ሊትር ስለሚሠራ ያ ብዙ ሳይቆይ ይተካል። ከዚያ በኋላ የሚያስቸግረው ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል ራስ ምታት ነው። "ፈሳሽ ተወስዶበት ሞተ" የሚባለውን ሰው ብዙውን ጊዜ የገደለው በሽታው ነው። ወንድምሽን ዛሬውኑ መልሱት።

ጥያቄ፦ ቫይረስ ከሆነ ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ ለምን ሰጡኝ?

መልስ፦ ውጤቱ እስኪታወቅ ነው። ባክቴሪያ ከሆነ ጥቂት ሰዓት መዘግየት ነፍስ ያስከፍላል፤ ስለዚህ 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ እንጀምርና ባክቴሪያ አለመሆኑ ሲለይ እናቆማለን። እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው፤ "ታይፎይድና ታይፈስ ነው" ተብሎ ከፋርማሲ የገዛውን ሲፕሮ የሚባል ፀረ ባክቴሪያ ሦስት ቀን ውጦ የሚመጣው። ካልቸሩ (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ የማሳደግ ምርመራው) አያበቅልም፤ ቫይረስ ይሁን በከፊል የታከመ ባክቴሪያ መለየት ያቅታል። እንዲህ ያለውን "ቫይረስ ነው" ብዬ ለመሸኘት ድፍረቱ የለኝም። ያ ተማሪ ቶሎ የወጣው ምንም ሳይውጥ ስለመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ለቫይረሱ መድኃኒት የለውም?

መልስ፦ ለኢንቴሮቫይረስ የለም። ፓራሲታሞል፣ ፈሳሽ፣ ጨለም ያለ ክፍል። ታማሚው ከቀባጠረ፣ ጠባዩ ከተለወጠ ወይም ካንዘፈዘፈው ግን አንጎሉ ራሱ ተነክቷል ማለት ነው፤ ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል የፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ምርመራ) ውጤት ሳንጠብቅ አሲክሎቪር የተባለውን ፀረ ሄርፒስ መድኃኒት በደም ሥር እንጀምራለን።

ጥያቄ፦ ክትባት ወስጄ ነበር እኮ?

መልስ፦ ያ ለባክቴሪያው ነው።

ጥያቄ፦ የኤችአይቪ ምርመራ ሲያዙልኝ የተሰደብኩ መሰለኝ።

መልስ፦ ስድብ አይደለም ወንድሜ። ኤችአይቪ ደም ውስጥ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማጅራት ገትር ሊያመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ፈጣኑ ምርመራ ኔጌቲቭ ሊል ስለሚችል ከሳምንታት በኋላ ድገመው።

ጥያቄ፦ ከወጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው፤ ሁለት ገጽ ሳነብ አሁንም ይደክመኛል።

መልስ፦ ድካሙ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ፈተናውን ለማዘዋወር ወረቀት ካስፈለገህ ሐኪምህ ይጽፍልሃል። ትኩሳቱ ከተመለሰ ግን ቀጠሮህን አትጠብቅ።