ስለ ሮበርት ታውንስ፦ ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የአውስትራሊያዋ ታውንስቪል በስሙ የተጠራችለት ሰው ማን ነበር?

መልስ፦ በ1794 የተወለደ እንግሊዛዊ የመርከብ ካፒቴን ነው። በ1843 ጓዙን ጠቅልሎ ሲድኒ ገባ። ከዚያ ባለመርከብና ትልቅ ነጋዴ ሆነ። ሰንደል እንጨትና የዓሣ ነባሪ ዘይት ይነግድ ነበር።

ጥያቄ፦ ፖለቲካ ውስጥስ?

መልስ፦ በ1856 የኒው ሳውዝ ዌልስ የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆነ። ያኔ እዚያ የሚገባው በሹመት እንጂ በሕዝብ ምርጫ አልነበረም። ሚስቱ ሶፊያም የስመ ጥሩ ፖለቲከኛ የዊልያም ዌንትወርዝ የአባት ልጅ ነበረች።

ጥያቄ፦ ባሪያ ፈንጋይ ነበር የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ ይሄ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ጥጥ አጡ፤ ዋጋው ናረ። ታውንስ ኩዊንስላንድ ውስጥ ሎጋን ወንዝ አጠገብ ጥጥ አስዘራ። የጎደለው ርካሽ ጉልበት ነበር። በ1863 ዶን ዥዋን የተባለች መርከብ ወደ ፓስፊክ ደሴቶች ላከ። መርከቧ 67 ሰዎች ይዛ ተመለሰች፤ ብዙዎቹ ከዛሬዋ ቫኑዋቱ ነበሩ። ደመወዛቸው በወር 10 ሽልንግ፣ ምግብና ማደሪያ ተጨምሮ።

ታውንስ «ወደውና ፈቅደው ነው የመጡት» ብሎ በጽሑፍ ተሟግቷል። እኔ ግን አይዋጥልኝም። በማያውቁት ቋንቋ የተጻፈ ውል ላይ ምን ዓይነት ፈቃድ አለ? ሰው ይመለምልለት የነበረው ሮስ ሌዊን ደግሞ ኋላ ለራሱ መሥራት ሲጀምር፣ አንዱን ሰው በ7 ፓውንድ አቀርባለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ሰው እንደ ከብት በራስ ተቆጠረ ማለት ነው። ታውንስ በከፈተው በር እስከ 1904 ድረስ ከ60 ሺህ በላይ የሥራ ውል ተፈረመ። ብዙዎቹ ተታለው፣ አንዳንዶቹም በግድ ታፍነው ነው የተጫኑት።

ጥያቄ፦ ከተማዋን የቆረቆራት እሱ ነው?

መልስ፦ ገንዘቡ የእሱ፣ ድካሙ የሸሪኩ የጆን ሜልተን ብላክ። ታውንስ እዚያ የረገጠው አንዴ ብቻ ነው፤ በ1866።

ጥያቄ፦ ሐውልት አለው ሲባል ሰማሁ?

መልስ፦ አዎ፣ በ2005 ታውንስቪል ላይ ቆሞለታል። በ2020 የሐውልቱን እጆች ቀይ ቀለም ቀብተዋቸው ነበር።

ጥያቄ፦ የእነዚያ ሠራተኞች ዘሮች ዛሬ አሉ?

መልስ፦ አሉ፣ በተለይ ኩዊንስላንድ ውስጥ። በ1901 በወጣው ሕግ አብዛኞቹ ደሴተኞች ወደመጡበት ተባረሩ። የቀሩትን ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች የአውስትራሊያ መንግሥት ራሱን የቻለ ማኅበረሰብ ብሎ እውቅና የሰጣቸው በ1994 ነው።