«ከተከተበ ስንት ሰዓት ሆነው?» ስለ ቡችላ ክትባትና ሕመም ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ የሐኪም ረዳት ሆኜ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ቤቴም ከውሻ ተለይቶ አያውቅም። ዛሬ ማታ እዚሁ ነኝ፣ ቡችላው ተከትቦ የታመመበት ሰው ይጠይቀኝ። አንድ አደራ ብቻ፦ መርፌውን ከተወጋ ስንት ሰዓት ወይም ስንት ቀን እንደሆነው ጻፉልኝ። የመልሱ ግማሽ እዚያ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ የ9 ሳምንት ቡችላዬን ትናንት ከሰዓት አስከተብኩት። ከዚያ ወዲህ እንደተኛ ነው። ምግቡን ቀመስ አድርጎ ይተወዋል። ልደንግጥ?

አትደንግጥ፣ ግን ዓይንህን አትንቀልበት። ሰውነቱ ሥራ ላይ ነው። ክትባቱ የበሽታውን መልክ አሳይቶታል፣ እሱም መከላከያ እያዘጋጀ ነው። ድካም፣ ትንሽ ትኩሳት፣ የተወጋበትን ቦታ ሲነኩት ማልቀስ፣ ምግብ መቀነስ፣ እነዚህ ሁሉ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ድረስ የሚጠበቁ ናቸው። ውኃ አጠገቡ ይኑር። ሙቅና ጸጥ ያለ ቦታ አስተኛው፣ ልጆች አይጎትቱት።

አሁን አንድ ነገር አድርግ። ከንፈሩን ገለጥ አድርገህ ድዱን በጣትህ ተጫነውና ልቀቀው። ነጣ ይልና በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መልኩ መመለስ አለበት። ድዱ ሮዝና እርጥብ ከሆነ፣ ስትጠራውም ጭራውን ከቆላልህ፣ እስከ ነገ ማታ ጠብቅ። ድዱ ከገረጣ ወይም ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ግን አትጠብቅ። ሁለት ቀን ሞልቶት ካልተሻለውም ሐኪም ይየው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቡችላው በጣም ትንሽ ዝርያ ከሆነ ለረጅም ሰዓት ሳይበላ መቆየት የለበትም። ስኳሩ ወርዶ ይንቀጠቀጣል፣ ይንገዳገዳል። እንደዚያ ካየህ ድዱ ላይ ትንሽ ማር ቀባውና ወደ ክሊኒክ ይዘኸው ሂድ።

ጥያቄ፦ ትኩሳት እንዳለው በምን አውቃለሁ? አፍንጫው ከደረቀ ታሟል ይሉኛል።

የአፍንጫው ነገር ተረት ነው። ጤነኛ ውሻም ከእንቅልፉ ሲነሳ አፍንጫው ደረቅ ነው። በእጅ መዳሰስም አያዋጣም፤ የውሻ ሰውነት ከእኛ ይሞቃል፣ ጤነኛው ሁሉ ያተኮሰው ይመስላል። በዲጂታል ቴርሞሜትር ነው የሚለካው፣ እሱም ከኋላ ነው። ጫፉን ቫዝሊን ቀብተሽ ጭራውን ከፍ አድርጊና ቀስ ብለሽ ጫፉን ብቻ አስገቢ። ሁለት ሰው ቢሆን ይሻላል፤ አንዱ ይያዝ፣ አንዱ ይለካ። ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ደህና ነው። 39.5 ካለፈ ለሐኪም ደውይ፣ 40 ከደረሰ እዚያው ቀን ውሰጂው።

ጥያቄ፦ እባክሽ ቶሎ! ቡችላዬ ከተከተበች 40 ደቂቃ ሆናት። ከንፈሯና ዓይኗ ዙሪያ አብጧል፣ ፊቷን ምንጣፉ ላይ ታሻሻለች፣ አሁን አስታወከች።

ማንበቡን ተዪውና ተነሺ። ወደ ክሊኒኩ ሂጂ፣ መንገድ ላይ ሆነሽ ደውይላቸው፣ «ተከትባ ፊቷ አበጠ» በያቸው። በአፏ ምንም አትስጫት፣ ውኃም ቢሆን። ሂጂ፣ ስትመለሺ ትነግሪኛለሽ።

እሷ እስክትመለስ ለሌሎቻችሁ ላስረዳ። ይህ አለርጂ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይመጣል። ፊት ብቻ ካበጠ ወይም ቆዳው እብጥ እብጥ ካለ ብዙ ጊዜ በመርፌ ይረጋል። የሚያስፈራው ሙሉ ሰውነትን የሚያጠቃው ነው፦ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ የድድ መንጣት፣ የመተንፈስ ችግር፣ ተልፈስፍሶ መውደቅ። ውሻ ላይ ደግሞ አሳሳች ጠባይ አለው። ፊቱ ምንም ሳያብጥ በትውከትና በመዝለፍለፍ ብቻ ሊጀምር ይችላል። ያኔ አድሬናሊን ያስፈልገዋል፣ አድሬናሊኑ ደግሞ ያለው ክሊኒክ ነው።

ክትባት እንዳትፈሩ ግን ቁጥሩንም ልንገራችሁ። በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ የተከተቡ ውሾች መዝገብ ታይቶ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ችግር የተመዘገበባቸው ከ10,000 ውሾች ወደ 38ቱ ነበሩ። የትንንሾቹ ውሾች ድርሻ ከፍ ያለ ነበር፣ በአንድ ቀን ብዙ ክትባት የወሰዱትም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ የ8 ሳምንት ቡችላ ገዝቼ በማግሥቱ አስከተብኩት። ደህና ነበር። በ5ኛው ቀን ማስታወክ ጀመረ፣ ዛሬ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ አለው። ክትባቱ ነው የገደለብኝ! የተበላሸ መድኃኒት ነው የወጉት።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አልሞተም፣ ስለዚህ አሁን ይዘኸው ሂድ። ይህ ፓርቮ ይመስላል፤ የቡችላን አንጀት የሚያጠቃ የቫይረስ በሽታ ነው፣ ሰዓት አይሰጥም። ካልታከሙ አብዛኞቹ ያልቃሉ፤ ቶሎ ግሉኮስ ከተሰካላቸውና ማስታወኩ ከተገታላቸው ግን ብዙዎቹ ይተርፋሉ።

ንዴትህ ይገባኛል። እኔም በዚህ አልፌያለሁ። ክሊኒክ ሳልገባ በፊት አንዲት ቡኒ ቡችላ ነበረችኝ። በመጣች በማግሥቱ አስከተብኳት፣ በአራተኛው ቀን መታጠቢያ ቤቱ ጥግ ሄዳ ተጋደመች። ውኃ ሳህኑ ላይ አገጯን አስደግፋ ታየዋለች እንጂ አትጠጣም። ከዚያ ያ ሽታ መጣ። የፓርቮን ተቅማጥ አንዴ ያሸተተ ሰው በሩ ላይ ሆኖ ያውቀዋል። ሞተች። ስንት ዓመት የከተባትን ሰው ስረግም ኖርኩ።

የገባኝ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው። የፓርቮ ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ይወስዳል። ቀኑን ወደኋላ ቁጠረው። ያንተም ቡችላ፣ የኔም ቡችላ፣ በሽታውን የያዙት ከክትባቱ በፊት ወይም በዚያው ሰሞን ነው። ክትባቱ ደግሞ በተወጋበት ቀን አይከላከልም፣ ቀናት ይፈልጋል። ሁለቱ እሽቅድምድም ላይ ነበሩ፣ ቫይረሱ ቀደመ።

ሌላም አለ። ቡችላ እንደተወለደ ከእናቱ እንገር ጋር መከላከያ ይጠጣል። ያ መከላከያ ገና ሰውነቱ ውስጥ ካለ ክትባቱን ራሱን እንደ በሽታ ቆጥሮ ያከሽፈዋል። መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። ክትባቱ ከ6 ወይም ከ8 ሳምንት ጀምሮ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ የሚደጋገመው፣ የመጨረሻውም 16 ሳምንት ሞልቶት ወይም ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ለዚህ ነው። «አንዴ ተከትቧል» ማለት «ተጠብቋል» ማለት አይደለም። ሻጮች ይህን ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ምርመራ ሲያደርጉለት የተከተበበትን ቀን ንገራቸው። ሕያው ሆኖ የተዳከመው የክትባት ቫይረስ ለጥቂት ቀናት በሰገራ ስለሚወጣ ምርመራውን ሊያደናግር ይችላል። ቤትህን ደግሞ በተራ ሳሙና አጥቤያለሁ ብለህ አትተወው። መጀመሪያ ቆሻሻውን አንሳ፣ ቀጥሎ አንድ እጅ በረኪና ለ30 እጅ ውኃ በጥብጠህ እጠብበት፣ 10 ደቂቃ ይቆይ። ቫይረሱ አፈር ላይ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ሌላ ቡችላ ቶሎ አታምጣ።

ጥያቄ፦ ለትኩሳቱ የልጆች ፓራሲታሞል ብሰጠውስ? ትንሽ ጠብታ ብቻ።

አይሆንም። ኢቡፕሮፌንም፣ ዳይክሎፌናክም አይሆንም። ለልጅ የሚሆነው ለቡችላ ጉበት፣ ጨጓራና ኩላሊት መርዝ ሊሆን ይችላል። ለውሻ የሚሆን ማስታገሻ አለ፤ ሐኪሙ በክብደቱ ለክቶ ይሰጠዋል። ከዚህ በፊት የሰጣችሁም ካላችሁ አትደብቁት፣ ለሐኪሙ ንገሩት።

ጥያቄ፦ ወተትስ? ምግብ ስለማይበላ ነው።

የላም ወተት ተቅማጥ ይጨምርበታል። የለመደውን ምግብ ለብ ባለ ውኃ አርሰሽ በትንሽ በትንሹ ስጪው። ሽታው ሲነሳ ይበላል።

ጥያቄ፦ የተወጋበት ቦታ አተር የሚያህል ነገር አብጦበታል። 6 ቀኑ ነው።

ተዉት፣ አትሹት፣ አታፍርጡት። በሳምንታት ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል። ካደገ፣ ከሞቀ ወይም ፈሳሽ ካወጣ አሳዩት። በአንድ ወርም ካልጠፋ እንዲሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የኛ ቡችላ በአፍንጫው ነበር ያንጠባጠቡለት፣ አልተወጋም። 3 ቀኑ ነው፣ ያስነጥሰዋል፣ ትንሽም ያስለዋል። እናቴ ጉንፋን ይዞታል ትላለች።

እናትህ ከእውነቱ ብዙም አልራቀችም፣ ልጄ። ያ ክትባት ለውሻ ሳል ነው፣ የተዳከመው ጀርም አፍንጫ ውስጥ ነው የሚጨመረው። ለጥቂት ቀን ማስነጠስና መጠነኛ ሳል ያመጣል። እየበላና እየተጫወተ ከሆነ ያልፋል። ግን ልብ በል፦ ከዓይኑና ከአፍንጫው ወፍራም ቢጫ ፈሳሽ ከወጣ፣ ትኩሳትም ካለው፣ ክትባቱ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ዲስተምፐር የሚባለው ሌላ አደገኛ የውሻ ቫይረስ በሽታ እንደዚያ ነው የሚጀምረው።

ጥያቄ፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቡችላዬን ራሱን ቢያሳብደውስ?

አያሳብደውም። በክትባቱ ውስጥ ያለው ቫይረስ የሞተ ነው፣ አይራባም። ሌሎቹን ክትባቶች ፈርተው የሚያዘገዩ ሰዎች ይገቡኛል፣ ይህን ማዘግየት ግን አይገባኝም። በሽታው አንዴ ምልክት ካሳየ ለሰውም ለውሻም መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ተመልሻለሁ፣ የቅድሟ ነኝ። ሁለት መርፌ ወጓት፣ ግሉኮስ ሰኩላት። እብጠቱ ጎድሏል፣ ጭኔ ላይ ተኝታለች። ሐኪሙ ለዛሬ ሌሊት ጠብቂያት ብሎኛል። ከእንግዲህ ግን አላስከትባትም!

እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ሐኪሙ እውነቱን ነው፤ እብጠቱ መድኃኒቱ ሲያልቅ ሊመለስ ይችላል። በየሁለት ሰዓቱ ተነስተሽ ድዷንና አተነፋፈሷን እዪ።

ስለ ቀጣዩ ክትባት ዛሬ አትወስኚ፣ ዛሬ ደንግጠሻል። ፓርቮ የሚያመጣውን ከላይ ወንድማችን ላይ አይተሻል። የክትባቱን ስምና ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ካርዷ ላይ አጽፊ፣ ከጎኑም «40 ደቂቃ፣ ፊት እብጠት፣ ትውከት» ብለሽ በራስሽ እጅ ጻፊ። ቀጣዩ ቀጠሮ ሲደርስ ሐኪሙ ብዙ አማራጭ አለው፦ ክትባቶቹን ለያይቶ በሳምንታት ልዩነት መስጠት፣ የማያስፈልጋትን መተው፣ ዓይነቱን መለወጥ፣ ቀድሞ የአለርጂ መድኃኒት መስጠት። አንቺ ደግሞ ቀጠሮውን ጠዋት አድርጊው፣ ቀኑን ሙሉ ክሊኒኩ ክፍት እንዲሆንልሽ። ከተወጋችም በኋላ አንድ ሰዓት ያህል እዚያው መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀመጪ። ነገ ጠዋት እንዴት እንዳደረች ጻፊልኝ።