መልስ፦ መንግሥት ሲቀየር የደላንታ ኦፓል ፈቃድ ምን ይሆናል?

ወንድሜ፣ በደቡብ ወሎ ደላንታ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ስለምታወጡበት ፈቃድ ጠይቀህ «መንግሥት ሲለወጥ ፈቃዳችን ይሰረዛል ወይ?» ብለሃል። እንዲያው በራሱ አይሰረዝም። የማዕድን አዋጁ 678/2002 ነው፤ በ2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲቀየርም አዋጁ አብሮ አልተሻረም።

የሚጎዳችሁ ሌላ ነው። በእጅ ለሚቆፍሩ የሚሰጠውን የባህላዊ ማዕድን ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ስለሆነ፣ ኃላፊ በተቀያየረ ቁጥር ጉዳያችሁን እንደ አዲስ ማስረዳት ሊኖርባችሁ ይችላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ደብዳቤ ማኅተም ያለበት ቅጂ ያዙ። ከዚያ ደግሞ የመንገዱ ችግር አለ። በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ውስጥ ሲገቡ ደላንታ ድረስ ማን ደፍሮ ይመጣል? ኦፓሉን የሚገዛ ሲጠፋ ቆፋሪ ወጣቶቹ ከገደሉ ላይ በእጃቸው ዋሻ ቆፍረው ያወጡትን ድንጋይ ለደላላ ባገኙት ዋጋ ይሰጣሉ። ይሄ በጣም ያንገበግበኛል። ትልቅ ባለሀብት ደግሞ ይባስ ይፈራል፣ ምክንያቱም ገቢ ሳያይ ለፍለጋና ለጥናት ዓመታት ገንዘብ ማፍሰስ አለበት።

እናንተ ከባለሀብቱ ጋር ስትዋዋሉ «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የሚለው አንቀጽ በዝርዝር ይግባ። ጦርነት፣ የመንገድ መዘጋት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በስም ይጠቀሱ። ሥራ ሲቆም የውሉ ጊዜ ይራዘማል ወይ? ዋሻውንስ ማን ይጠብቃል? ሳትፈርሙ በፊት ጠበቃ ይየው።