ስለ ንግድ ሥነ ምግባር ጥናት ጠይቁኝ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማስተርስ ላይ ነኝ። ስለ ባንክ ሠራተኞች ሥነ ምግባር መጠይቅ ልበትን ነው። ያዋጣል?

መልስ፦ «ጉቦ ተቀብለው ያውቃሉ?» ልትል ነው? ሁሉም «በጭራሽ» ላይ ምልክት አድርጎ ይመልስልሃል። አንድ ያማከርኩት ልጅ እንዲህ ጠይቆ አንድም ጥፋተኛ ሳያገኝ ተመረቀ! አሁን ዘርፉ ሰው ያለውን ትቶ ያደረገውን ወደማየት እያዘነበለ ነው፤ የግዥ ሰነድ፣ የኦዲት ግኝት፣ የፍርድ ቤት መዝገብ።

ጥያቄ፦ የሐቀኝነት ጥናት ራሱ ውሸት ሆኖ ተገኘ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ያሳፍራል። በ2012 የወጣ ጥናት ሰው ቅጽ ከመሙላቱ በፊት ቢፈርም ሐቁን ይናገራል ይል ነበር። አንዱ ማስረጃ የመኪና ኢንሹራንስ ደንበኞች መኪናችን ይህን ያህል ሄደ ብለው የሞሉት ቁጥር ነው። በ2021 ፋይሉን የመረመሩ ሰዎች ግማሹ ቁጥር በአንድ ፎንት፣ ግማሹ በሌላ ተጽፎ አገኙት፤ ቁጥሩ የተፈበረከ መሆኑን ከጠቆሙት ምልክቶች አንዱ ይህ ነበር። ጽሑፉ በዚያው ዓመት ተሻረ። ጥሬ መረጃህን አሳየን ቢሉህ አትቀየም።

ጥያቄ፦ ሲኤስአር (የኩባንያዎች ማኅበራዊ ኃላፊነት) ሞቷል?

መልስ፦ ስሙን ቀይሮ ኢኤስጂ (ኩባንያ በአካባቢ፣ በማኅበራዊና በአስተዳደር ጉዳዮች የሚመዘንበት) ሆኗል።

ጥያቄ፦ ለአገራችን የሚሆን ርዕስ ይጠቁሙኝ።

መልስ፦ ቡና፣ እህቴ። በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ዳካ አጠገብ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ራና ፕላዛ የተባለ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው ካለቀ ወዲህ፣ ኩባንያው ስንት ለገሰ ከሚለው ይልቅ ዕቃው በማን እጅ አልፎ መጣ የሚለው ጥያቄ ጎልቷል። የአውሮፓ ኅብረት የ2023 ደንብም ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት የበቀለ ቡና አይገባም ይላል፤ ተግባራዊነቱ ቢራዘምም። ማሳው የት እንዳለ በጂፒኤስ መታወቅ አለበት። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ቀላል ይመስላል። ግን ጅማ ውስጥ ዋንዛ ጥላ ሥር ቆሞ ነጥቡን የሚይዘው ማን ነው? ወጪውስ ከማን ኪስ ይወጣል? የብዙ ገበሬ እሸት ቡና አንድ መፈልፈያ ውስጥ ሲደባለቅ የማን ማሳ ብለሽ ትለያለሽ? መረጃውስ የላኪው ነው የገበሬው? እኔ ብሆን በዚህ በመጨረሻው ብቻ ቴሲስ እጽፍበታለሁ።

ጥያቄ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎትስ?

መልስ፦ ተጨናንቋል፤ አብዛኛው ጽሑፍም ከመርሕ አይዘልም። ወደ ሰው አውርደው። የታክሲ መተግበሪያ ሾፌሩን ሌሊት ያግደዋል፤ ጠዋት ቢሮ ሲሄድ ጸሐፊዋ «ሲስተሙ ነው» ትለዋለች። አቤቱታውን ማን ይሰማል? ወንበር ይዘህ እዚያ ቢሮ አንድ ሳምንት ተቀመጥ።