ነርቩ የተሰፋ ሰው በቀን ሁለት ሲጋራ ቢያጨስ ምን ይሆናል?

ሰላም ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። ነገሩን እንደተረዳሁት መስታወት የእጅ አንጓህን ቆርጦህ ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ተሰፍቷል። ሐኪሙ «ሲጋራ በጭራሽ» ሲልህ አንተ ደግሞ «ሳንባ ሌላ፣ እጅ ሌላ፤ በቀን ሁለት ፍሬ ምን ያመጣል? ሺሻስ አይሻልም ወይ?» ብለሃል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። አሉሚኒየም ቤት ስሠራ ፍሌክስ (የብረት መቁረጫው ማሽን) ክንዴን ቆርጦኝ ያንኑ ነርቭ የተሰፋሁ፣ ያኔ በቀን ፓኬት የምጨርስ ሰው ነኝ።

መጀመሪያ ጊዜውን ተረዳው። ነርቭ ተሰፋ ማለት ጫፎቹ ተገናኙ ማለት እንጂ መሥራት ጀመረ ማለት አይደለም። ከስፌቱ በታች ያለው የነርቩ ክር ይሞታል፤ የሚቀረው ሽፋኑ ነው፣ መዳቡ ተመዞ ላስቲኩ ብቻ እንደቀረ የመብራት ገመድ። አዲሱ ክር ከላይ ተነስቶ በዚያ ባዶ ሽፋን ውስጥ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል። ከአንጓህ እስከ ጣትህ ጫፍ 17 ወይም 18 ሳንቲ ሜትር ነው ብለህ አስላው፤ ሁሉ ነገር ቢሳካ እንኳ ግማሽ ዓመት ነው።

ያን ሁሉ ጊዜ ክሩን የሚመግበው ደም ነው። ነርቭ የራሱ ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉት፤ ኒኮቲን ያጠባቸዋል። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይጣበቃል፤ ስለዚህ በጠበበው መንገድ የሚደርሰውም ደም ኦክስጅን የጎደለው ነው። ሳንባህና እጅህ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ሺሻማ ይብሳል እንጂ አይሻልም፤ ትንባሆው ሳይቆጠር ከሰሉ ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፣ አንዴ ከተቀመጥክ ደግሞ ሰዓት ሙሉ ነው የምትስበው።

የሚያጨስ ሰው ነርቩ አይድንም ብዬ አላስፈራራህም፤ እያጨሱ የዳኑ አውቃለሁ። ግን ዕድሜህን አትቀይረውም፣ የተቆረጠበትን ቦታ አትቀይረውም፣ ስፌቱ የዘገየ ከሆነም አልፏል። አንተ የምታዝበት ሲጋራው ላይ ነው። (ለነርቭ ብለው ቢ ኮምፕሌክስ ቫይታሚን በላይ በላዩ እየዋጡ የሚያጨሱትን ሳይ ይገርመኛል። በውስጡ ያለው ቢ6 ሲበዛና ሲቆይ ራሱ ነርቭ ይጎዳል።)

ማንም የማይነግርህ ሌላ ነገር አለ። ሚዲያን ስሜት የሚሰጠው ለአውራ ጣት፣ ለሌባ ጣትና ለመሃል ጣት ነው፤ ሲጋራ የሚያዝባቸው ማለት ነው። ፊዚዮቴራፒ ተራ ስንጠብቅ የማውቀው አንድ ሹፌር ደጅ ቆሞ እያወራ ሲጋራው ፊልተሩ ድረስ ነዶ ጣቱን ሲያቃጥለው አልተሰማውም። «ምን ይሸታል?» ያልነው እኛ ነን። ስሜት የሌለው ቆዳ ላይ የወጣ ቁስል ደግሞ ቶሎ አይድንም፤ እስኪሽርለት የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴውን አስቆሙት። አንተም ስኒ እንኳ ቢሆን በደህናው እጅህ ያዝ።

ማቆሙ ይከብዳል፣ አልዋሽህም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ሰው የሚያናግርህ ሁሉ ጠላትህ ይመስልሃል፤ ከዚያ እየቀለለ ይሄዳል። እኔን የጠቀመኝ ከሲጋራው በፊት በርጫውን መተዌ ነው። ጫት ላይ ተቀምጦ አላጨስም ማለት ዘበት ነው፣ ጫቱም ራሱ የደም ሥር ያጠባል። ከቡና በኋላ እጄ ሥራ ሲፈልግ ቆሎ አስቀርብ ነበር። ስሜት መመለስ ሲጀምር ፊዚዮቴራፒስቷ ያዘዘችኝ ልምምድም ይኸው ነበር፤ ዓይንን ጨፍኖ ገብሱን ከሽምብራው በጣት መለየት። መጀመሪያ ሁለቱም አንድ ነበሩብኝ። ቀድማ የተሰማችኝ የሽምብራዋ ሹል አፍንጫ ናት። የገብሱ ስንጥቅ ብዙ ቆይቶ ነው የመጣው፤ ዛሬም በመሃል ጣቴ በደንብ አልለየውም።

የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር ጭስ የላቸውም፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም የለም፤ ኒኮቲኑ ግን ያው ነው። አንዳንድ ሐኪም ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ከስፌት በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ይከለክላል። የሰፋህን ሐኪም ሳትጠይቅ አትጀምር።

ሰው ተመልሶ ሲጋራ ውስጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ሲነሳ ነው። ክሩ ሲያድግ ጣትህ ይነዝራል፣ ሌሊት ያቃጥላል። ሲጋራ ለትንሽ ደቂቃ ያደነዝዘዋል፤ ሱሱ ሲመጣ ደግሞ ሕመሙም አብሮ ይበረታል። ለዚህ ተራ ማስታገሻ ብዙ አይሠራም፤ እንደ ጋባፔንቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉ ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙ መድኃኒቶች አሉ። ስለዚህ ቀጠሮህ ላይ «ያመኛል» ብቻ ብለህ አትውጣ። ያቃጥላል ወይስ ይነዝራል፣ ቀን ነው ሌሊት፣ እንቅልፍ ይነሳሃል ወይ፣ ለይተህ ንገረው።